ለአባቴ የተሠራው መኪና ማቆሚያ

በካልጋሪ ባሕር የለም፤ ይህን ማንም ያውቃል። የከተማዋ ሰዎች ግን ከአንድ ድልድይ ሥር ያለችውን፣ ድንጋይና አሸዋ የተቀላቀለባትን የወንዝ ዳር «ቢች»፣ የባሕር ዳርቻ፣ ይሏታል። አባቴ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀና «ባሕሩን የት ረስተውት ነው ቢቹን ብቻ ያመጡት?» አለኝ። ከታመመ ወዲህ የሰማሁት የመጀመሪያ ሳቁ እሱ ነበር። ቦታዋን የወደድኳት ለዚህ ነው እንጂ እኔን ወንዝ ምን ያደርግልኛል? ቀኑን ሙሉ ሆቴል ውስጥ አንሶላ ሳጥብ የምውል ሴት ነኝ፤ ውሃ ጠግቤያለሁ።

አባቴ የአሰብ መስመር ሾፌር ነበር። ዕድሜውን የፈጀው ተሳቢ ሲነዳ ነው። ወደብ ሲደርስ ጭነት እስኪደርሰው ድረስ መኪናውን ወደ ባሕሩ አዙሮ ያቆምና እዚያው ጋቢና ውስጥ እየበላ፣ እየተኛ፣ ባሕሩን እያየ ይጠብቅ ነበር። «ባሕር የሚታየው በጋቢና ነው» ይላል። «ወርደህ ካየኸው ይንቅሃል።» እንዲህ ያለ ሰው ነው። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ መጀመሪያ እኔ ዘንድ አመጣሁት፤ ዓመት ሳይሞላው ስትሮክ መታው። ግራ እጁና ግራ እግሩ ደከሙ። ምላሱ ደህና ነው አሉ ሐኪሞቹ። እሱ ግን ዝም አለ።

ዝምታው እንዴት እንደሚከብድ ለማን እነግራለሁ? ሜይላንድ ሃይትስ በሚባለው ሠፈር በነበረችው ቤታችን የምንኖረው እኔና እሱ ብቻ ነን። ከሥራ ስመለስ ሳሎን ቁጭ ብሎ ግድግዳ ላይ አፍጥጦ አገኘዋለሁ። «አባዬ፣ ምሳህን በላህ?» «እህ።» «አመመህ እንዴ?» «አይ።» በቃ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ዝምታ አልችልም፤ ዝም ካሉኝ እጮሃለሁ። ስጮህ ይባስ ይዘጋል። አንዲት ነገር ብቻ አልተወም፤ ይሉኝታውን። «ሻይ ልቅዳልህ?» ስለው «ግድ የለም፣ አትቸገሪ» ይላል። «ኧረ ጠጣ» እለዋለሁ። «ቆይ ይደርሳል» ይላል። «በሞቴ» ስለው ነው «እስቲ እሺ» ብሎ እጁን የሚዘረጋው። እኔ ልጁ ነኝ እኮ! በገዛ ቤቱ፣ የገዛ ልጁ ፊት፣ ሻይ ሳይለመን ጠጥቶ አያውቅም።

አንድ ቀን ከሐኪም ስንመለስ ዲርፉት የሚባለው አውራ ጎዳና ተዘጋግቶ በሌላ መንገድ ስዞር መንገድ ጠፋኝና ወንዙ ዳር ወጣን። ጠጠር የፈሰሰበት ሜዳ ላይ የመኪናዋን አፍንጫ ወደ ውሃው አድርጌ ፓርክ አደረግኩ። ወንዙ እዚያ ጋ ከሥሩ ቋጥኝ ይኑረው ምን እንጃ፣ ተነስቶ ይቆማል። ማዕበሉ አይሄድም፣ አይመጣም፤ ባለበት ይንከባለላል። ልጆቹ ካያክ በምትባል ጠባብ ጀልባ፣ አንዳንዱም በሰሌዳ፣ ተራ እየጠበቁ ላዩ ላይ ይወጡበታል። ካርታ ላወጣ ጎንበስ እንዳልኩ አባቴ «ማርሽ ቀይር አንተ! ማርሽ!» ብሎ ጮኸ። ለካ ማዕበሉ ላይ የሚንገዳገደውን ካያከኛ ነው። ልጁ ተገለበጠ። «አላልኩም?» አለኝ አባቴ ወደኔ ዞሮ፤ ዓይኑ በርቷል። «ቁልቁለት ላይ ፍሬን ያዘ፤ ተሳቢው ገፋውና አለቀለት!»

ከዚያ ወዲህ ሥራ በሌለኝ ቀን ሁሉ እንሄዳለን። ወፍራሙን ካያከኛ «ኤንትሬ» አለው፣ የድሮውን የጣሊያን ከባድ መኪና ማለቱ ነው። ቀጭኗን ልጅ «ረዳቷ» አላት። ኤንትሬ ሲገለበጥ ይስቃል፤ ሲወጣ «እሰይ የኔ አንበሳ!» ይላል። በመሃል በመሃል ደግሞ ወሬ ያመጣል። እናቴን እንዴት እንዳገኛት፣ ለምን ሽማግሌ ሦስት ጊዜ እንደላከ፣ እኔ ስወለድ በረሃ መሃል ጎማ ፈንድቶበት እንዴት እንዳለቀሰ የነገረኝ እዚያ፣ በፊት መስታወቱ ወንዙን እያየ ነው። አርባ ዓመት ልሞላ ምንም ያልቀረኝ ሴት፣ አባቴን ያወቅኩት እዚያ መኪና ውስጥ ነው። ሞተር አስነስቼ ስንመለስ ግን ድልድዩን ሳንሻገር ዝም ይላል። ቤት ውስጥ ቃል የለም።

ችግሩ ቦታው ነው። ያ ማቆሚያ ማቆሚያ እንዳይባል ጉድጓድ ብቻ፤ በረዶ ሲቀልጥ ጭቃው ጎማ ይውጣል። ሰመር፣ የፈረንጆቹ በጋ፣ ሲመጣ ደግሞ ካያከኞቹ ቫናቸውን እንዳሻቸው ይገትሩታል፤ የፊት ረድፍ አይገኝም። ከኋላ ካቆምን የሚታየው የሰው መኪና ቂጥ ነው። ዞረን ዞረን የተመለስንባቸው ቀናት አሉ። በእነዚያ ቀናት አባቴ ማታ ራት አይበላም። አንዱን ባለቫን «አባቴ በሽተኛ ነው፣ ትንሽ ጠጋ በልልኝ» ብዬ ለምኜው «ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ» ቢለኝ በአማርኛ የማይጻፍ ነገር ነግሬዋለሁ። ፈገግ ብሎ «ሃቭ ኤ ናይስ ዴይ» አለኝ፤ አይ የሰው ደንቆሮ!

ዕቃ በምገዛበት ሱቅ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጥፎ ያየሁት በዚያው ሰሞን ነው። የሠፈሩ ሰዎችና ካያከኞቹ ተባብረው ማቆሚያውን ሊያድሱ ነው፤ ሚቲንግ አለ፣ ማንም ይምጣ ይላል። ሄድኩ። ሊቀመንበሯ ጡረታ የወጣች አስተማሪ ናት፤ ፀጉሯ ነጭ፣ በዚያ ብርድ ቁምጣ የለበሰች፣ ሰው ስታዳምጥ ዓይኗን የማትነቅል ደግ ሴት። ተነስቼ በዚያች በተሰባበረች እንግሊዝኛዬ አባቴን ነገርኳቸው። አይሄድም፣ አይወርድም፣ ከመኪናው ሆኖ ወንዙን ያያል፣ ሲያይ ያወራል፤ ለሱ አንዲት ቦታ ብትሰጡኝ አልኩ። አንድ ጺማም ካያከኛ «የፊት ረድፍ፣ መሃሉ ላይ» አለ። ለድምፅ ሁሉም እጁን አወጣ። ሊቀመንበሯ አቀፈችኝ። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ፤ ደስታም ያስለቅሳል።

እኔ ደግሞ ባዶ እጄን አልሄድም ብዬ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሜ ለፈፍኩ። «ደቦ ነው» አልኳቸው። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ዛሬ ለአባቴ ውጡልኝ፣ ነገ ለእናንተ እወጣለሁ።» ወንዶቹ ከነሱፋቸው፣ ከነክራቫታቸው ተከተሉኝ። ካያከኞቹ ሲያዩን ከከተማው መሥሪያ ቤት ሊያስቆሟቸው የመጡ ባለሥልጣናት መስለዋቸው አካፋቸውን ጣሉ። ኋላ ሲገባቸው የሳቁት ሳቅ! ክራቫቱ ተፈታ፣ ጠጠር በእጅ ጋሪ ተገፋ፣ ጉድጓዱ ተሞላ። እኔ ሳምቡሳና ድፎ ዳቦ አቀረብኩ፤ ደቦ የጠራ ያበላል። ሊቀመንበሯ ቃሉን ወደደችውና ከዚያ ወዲህ የሥራ ቀኑን ሁሉ «ዴቦ ዴይ» ማለት ጀመረች። አባቴ ከመኪናው ሆኖ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ «ወደ ግራ! ገና ነው! በል ድፋው!» እያለ አሠራቸው። የኛዎቹ «እሺ ጋሼ!» ይሉታል። እንደዚያ ቀን ጮክ ብሎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም።

ከዚያ የማይታጣው መጣ። የአንዱ ቫን የእጅ ፍሬኑ ሳይያዝ ቀርቶ ቁልቁል ተንሸራተተና ፊቱ ውሃ ውስጥ ገባ። ሰው አልተጎዳም፤ የከተማው መሥሪያ ቤት ግን አስፋልቱን አፈስሳለሁ፣ እናንተ በወንዙ በኩል መከለያ ሥሩ አለ። ኋላ እንደሰማሁት መከለያው ሁለት ዓይነት ሊሆን ይችል ነበር፤ ዝቅ ያለ ድንጋይ መደርደር ወይም የጣውላ አጥር። ድንጋዩ ከሩቅ መጥቶ በክሬን ስለሚወርድ ያስቸግራል፤ ጣውላው ግን በራሳቸው እጅ ይሠራል። በሥራው ምክንያት ቦታው ለሳምንታት ተዘጋ። እኔ ያኔ ቅዳሜና እሁድ ሺፍት ገብቼ ስለነበር ደቦው ላይ አልዋልኩም፤ የኛዎቹ ግን ሳያሰልሱ ሄዱልኝ። «ትንሽ ታገሥ አባዬ፣ የራስህ ቦታ እየተሠራልህ ነው» እለዋለሁ። «እህ» ይላል፤ ግድግዳውን እያየ።

ማቆሚያው በተመረቀ ቀን ከሥራ አስፈቀድኩ። አባቴ ፀጉሩን አበጠረ፣ ሱፉን ለበሰ፣ ከዘራውን ያዘ። ስንደርስ ጥቁር አስፋልት፣ ነጭ መስመር፣ ፊኛ፣ ኬክ፣ የሰው ብዛት። መሃሉ ላይ በሰማያዊ ቀለም የተሳለች የአካል ጉዳተኛ ምልክት አለች፤ የአባቴ ቦታ። መኪናችንን ሲያዩ አጨበጨቡ። እኔም እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ ገባሁ። አቆምኩ። ቀና አልኩ።

ጣውላ።

አጥሩ ከዳር እስከ ዳር ተገትሯል፤ ከመኪናችን ጣሪያ በላይ ነው። ገጥመው ገጥመው መትተውታል፣ ብርሃን እንኳ አያሳልፍም። ከጀርባው ውሃው ይጮሃል፣ ልጆቹ ያፏጫሉ፤ አንዱ ተገለበጠ መሰለኝ «ኦኦኦ» ይባላል። አባቴ ወደ ግራ አየ፣ ወደ ቀኝ አየ፣ ተመልሶ ጣውላውን አየ።

«ወንዙስ?» አለኝ።

ከቤተ ክርስቲያን የመጣው፣ አጥሩን ከመቱት አንዱ፣ ፊቱ በላብ እያበራ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «ጋሼ፣ ወደዱት? ነፋስ እንዳይመታዎት ብለን የርስዎን ፊት ለብቻው አጠጋግተን ነው የሠራነው» አለው። አባቴ ደህናውን እጁን አውጥቶ ትከሻውን ነካው። «ተባረክ ልጄ። እጅህ ይባረክ።» እንዲያ አለው። እኔ ጥርሴን ነክሼ መሪውን ጨብጬ ቀረሁ።

ሊቀመንበሯ ኬክ ይዛ መጣች። «አባትሽ እንዴት ያለ ሰው ነው!» አለችኝ እየሳቀች። አንቺ ሥራ ላይ ሳለሽ ንድፉን ይዤ ቤታችሁ ሄጄ ነበር አለች። ሻይ ጠጪ ሲላት አልፈልግም ብላው ነበር፤ አልለቃት አለ፣ ደግሞ ለመናት፣ ሦስተኛ ለመናት፣ ከዚያ ያችን ከፔርሙስ የቀዳትን ጣፋጭ ሻይ ጠጣች። «እምቢ ቢሉት አይሰማም!» አለችና ሳቀች።

«ንድፉን ያመጣሽለት ለምንድን ነው?» አልኳት።

«ልጠይቀው ነዋ። በሱ ቦታ ፊት ለፊት ጣውላውን ትተን ድንጋይ እናድርግልህ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ኖ ፕሮብሌም አለኝ፤ ጣውላው ይሁን ማለቱ ነው። እርግጠኛ ነው፤ እጁንም እንዲህ አደረገ» አለችና መዳፏን አወዛወዘችልኝ።

ያቺን የእጅ ውዝወዛ አውቃታለሁ። «ለኔ ብላችሁ አትቸገሩ» ማለት ናት። «ኖ ፕሮብሌም» ደግሞ አባቴ አሰብ ወደብ ከመርከበኞች የለቀማት ብቸኛ ሙሉ እንግሊዝኛው ናት። ወደ አባቴ ዞርኩ። «አባዬ፣ ጠይቃህ ነበር?»

«ጠይቃኛለች።»

«ገብቶህ ነበር?»

«ምነው አይገባኝ? በእጇ ሥላ አሳየችኝ እኮ።»

«ታዲያ ምናለ ተዉልኝ ብትላት!»

«ሰው ቤቴ ድረስ መጥታ፣ ያን ሁሉ ሕዝብ ድንጋይ አሸክሚልኝ ልበላት? ነውር አይደለም?» አለ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ደግማ ብትጠይቀኝ እነግራት ነበር» አለኝ። «አልደገመችም።»

በዚህ ምድር ላይ ማንን ልቆጣ? ሴትዮዋ ጠይቃለች። እሱ መልሷል። ሻይ ሦስቴ ለምኖ ያጠጣት ሰው፣ እሷም ሦስቴ ትለምነኛለች ብሎ ይጠብቃል። እሷ ሰው አይ ካለ አይ ነው ብላ፣ አክብራው፣ ንድፏን ጠቅልላ ሄደች። ሁለቱም ጨዋ ናቸው፤ ጨዋነታቸው ነው ጣውላ የሆነው። በንዴት ላብድ ደረስኩ። መኪናዋን ወደ ኋላ ሳወጣ አባቴ አንዴ ብቻ ተናገረ። «በድሮው መኪና፣ በኤንትሬ፣ ብንመጣ ኖሮ ከላይ ይታየን ነበር» አለኝ።

ከዚያ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ የኔ ነገር። መኸር ላይ ሚቲንጉ ሲጠራ ሄጄ ከፊት ለፊታችን ያሉትን ጣውላዎች ብቻ አንሡልን አልኩ። አዘኑልኝ፤ ማዘን ያውቁበታል። ግን ከተማው መጥቶ አይቶ ፈርሞበታል፣ መከለያው ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት፣ ይነካ ከተባለ ሌላ ፈቃድ ያስፈልጋል፣ ዘንድሮ የማይታሰብ ነው። ደግሞ የሠፈሩ ሰዎች አጥሩን ወደውታል፤ ነፋስ ቀነሰልን፣ ልጆቻችን ወደ ውሃው አይሮጡም አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ምን ይባላል? ሊቀመንበሯ «እኔ እኮ ጠይቄዋለሁ» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው «አይ» የጨዋታው መጀመሪያ ነው፣ ሰው ካልተለመነ አይቀበልም አልኳቸው። ጺማሙ ካያከኛ ከልቡ ሊረዳ ፈልጎ «ታዲያ እውነተኛው አይ የትኛው እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አለኝ። «ሦስተኛው» አልኩ። ሳቁ። በክፋት አልነበረም። ቀጥለው ወደ ቆሻሻ መጣያው ጉዳይ ተሻገሩ።

ሌላ ቦታ ፈለግኩ። ወንዙን ላይና ታች ነዳሁ። መኪና የሚገባበት ወንዝ አይታይም፣ ወንዝ የሚታይበት መኪና አይገባም። ካያከኞቹ አንድ ቀን አባቴን አውርደው፣ በአጥሩ መግቢያ አሻግረው፣ በታጣፊ ወንበር ውሃው ዳር አስቀመጡት። ነፋሱ ስለት ነው። ዙሪያውን ከበው ደህና ነህ፣ ደህና ነህ ይሉታል፤ አንዷ ሳትጠይቀው ብርድ ልብስ እስከ አገጩ ሸፈነችው። ኤንትሬ ራሱ ከማዕበሉ ላይ እጁን አወዛወዘለት። አባቴ አንዲት ቃል አልተነፈሰም። መኪና ውስጥ ስመልሰው «እንደ ሬሳ ገነዙኝ» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ወንዙ አንሥቶ አያውቅም።

ክረምቱ አለፈ። እናቴን ሦስተኛ ሽማግሌ ልኮ እንዳገኛት ነግሮኛል፤ ከዚያ በኋላ ምን እንደሆነ ግን አልጨረሰልኝም። ሠርጉን አልነገረኝም። ሳሎን ቁጭ ብሎ እያለ እጠይቀዋለሁ። «ከዚያስ አባዬ? ሽማግሌዎቹ እሺ ተባሉና?» «እህ፣ እሺ ተባሉ» ይላል። ጣውላውና የሳሎኑ ግድግዳ ለሱ አንድ ሆነዋል መሰለኝ።

ሰመር ሲገባ አንድ እሁድ ፀሐይዋ ወጣች። ፔርሙሱን ሞላሁ፣ ቁልፉን ያዝኩ፣ ፊቱ ቆምኩ። «አባዬ፣ ተነሥ ወንዝ እንሂድ።»

«አይ፣ ግድ የለም» አለኝ።

ይህቺን አውቃታለሁ ብዬ ልቤ ደስ አለው። «ና እንጂ በሞቴ! መስኮቱን ከፍተን ድምፁን እንሰማለን። ኤንትሬ ሲገለበጥ በጩኸቱ እንለየዋለን።»

«ተይው ልጄ፣ አትድከሚ።»

ተንበረከክኩ። ደህናውን እጁን ያዝኩት። ከሁለተኛው በኋላ «እስቲ እሺ» የሚልበት ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ እንዲያ ነው። «አፈር ስሆን አባዬ። ለኔ ስትል። አንዴ ብቻ።»

ዓይኑን ከግድግዳው አነሣ። ብዙ አየኝ። እጁን ከእጄ አውጥቶ ራሴ ላይ አደረገውና ቀስ ብሎ፣ ልጅ ሳለሁ በማላውቀው ለስላሳ ድምፅ «አይሆንም» አለኝ።

ተነሣሁ። ቁልፉን ምስማሩ ላይ መልሼ ሰቀልኩት። ፔርሙሱ እጄ ላይ ቀርቷል። «ሻይ ልቅዳልህ?» አልኩት።

«እሺ» አለኝ፤ በመጀመሪያው።